ባዝኮክስ በ500 ፓውንድ ያሳተሟት ሸክላ፦ «ስፓይራል ስክራች» እንዴት ተሠራች?

ቤተል45፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእንግሊዙን የፓንክ ባንድ የባዝኮክስን «ስፓይራል ስክራች» ለምታውቁ ሁለት ጥያቄ አለኝ። አራት ዘፈን በአንዲት ባለ 7 ኢንች ሸክላ ላይ እንዴት ሊገባ ቻለ? ዛሬስ አንድ ባንድ እንደነሱ በራሱ ላሳትም ቢል፣ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ምን ማወቅ አለበት?

ድምፅ_ቀራጭ፦
ቤተል፣ ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው። «ብሬክዳውን» ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ረጅሙ «ታይምስ አፕ» ራሱ ከሦስት ደቂቃ የሚያልፈው በጥቂት ሰከንድ ነው። ስለዚህ በአንድ ገጽ አምስት ደቂቃ አካባቢ ይይዛሉ።

በደቂቃ 45 ዙር በሚሽከረከር ሸክላ ጮክ ያለ ድምፅ ከፈለጋችሁ በአንድ ገጽ ከአራት ደቂቃ ብዙ አትለፉ። ሲረዝም መርፌው የሚሄድባቸው ቦዮች መጠጋጋት ስላለባቸው ሸክላውን የሚቀርጸው ባለሙያ ድምፁን ይቀንሰዋል። 33 ዙር ቦታ ይሰጣል፤ ነገር ግን ቀጫጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፣ ወደ መሃል ሲጠጋ ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው ጩኸታሙን ዘፈን መጀመሪያ ላይ የምናደርገው።

ድምፆቹን ስታቀላቅሉ (ሚክሱ ላይ) ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ሁሉ ሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት አድርጉት። ቤዙ ግራና ቀኝ ከተበተነ መርፌው ሽቅብና ቁልቁል እየተወዛወዘ ይዘላል። የዘፋኙ «ስ» እና «ሽ» ካፏጨ ፉጨቱን በሚቀንሰው መሣሪያ፣ በዲኤሰር አለዝቡት፤ ሸክላ ላይ እጥፍ ሆኖ ነው የሚሰማው።

የሙከራ ቅጂ ሳትሰሙ ሙሉውን ትእዛዝ በጭራሽ አታጽድቁ! ቢያንስ በሁለት ማጫወቻ ስሙት። «ቋ» የሚል ድምፅ በሁሉም ቅጂ እዚያው ቦታ ላይ ከመጣ ችግሩ ቅጂዎቹ ከሚታተሙበት ሻጋታ ነው፣ ይመለስ። በአንዱ ብቻ ከሆነ አቧራ ወይም የዚያ ቅጂ ጉድለት ነው።

የሸክላ_ወዳጅ፦
ታሪኩን ልጨምር። የተቀረጸችው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1976 ማንቸስተር፣ ኢንዲጎ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ፕሮዲውሰሩ ማርቲን ሃኔት፣ ያኔ «ማርቲን ዜሮ» ይባል የነበረው። 500 ፓውንዱን ከወዳጆቻቸውና ከጊታሪስታቸው ከፒት ሼሊ አባት ተበድረው፣ በጃንዋሪ 1977 «ኒው ሆርሞንስ» በሚል የራሳቸው አሳታሚ ስም አወጧት። መጀመሪያ 1,000 ቅጂ ነበር የታተመው፤ ኋላ 16,000 ያህል ተሸጠ።

ለእኔ ትልቁ ነገር ሽፋኑ ነው። ጀርባው ላይ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀረጸ ተጽፏል፤ «ብሬክዳውን» በሦስተኛው፣ ምንም ሳይደረብበት፤ ሌሎቹ በመጀመሪያው፣ ጊታር ብቻ ተደርቦ። ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ የኩባንያዎች ምስጢር በነበረበት ጊዜ ይህን ያነበበ ወጣት «ይህማ እኛም አያቅተንም» ማለቱ አይቀርም። ስክሪቲ ፖሊቲ የተባለው ባንድ አባላት በ1978 የመጀመሪያ ሸክላቸውን ወጪ ሽፋኑ ላይ ዘርዝረው አተሙት፤ መንገዱን የከፈተችው ይህች ሸክላ ናት።

ሦስት_ኮርድ፦
በሽፋኑ እስማማለሁ፣ ግን ድምፁን አትዝለሉት። «ቦርደም» ውስጥ የሼሊ ሶሎ ሁለት ኖታ ብቻ ነው፣ ያንኑ እየደጋገመ። በጣት ፍጥነት መኩራራት ልማድ በነበረበት ዘመን ይህን ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል። ከበሮውን የያዘው ጆን ማሃር ደግሞ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበር፤ ዘፈኖቹ ሲፈጥኑ የማይፈርሱት በእሱ ነው።

ቤተል፣ አንድ ነገር ልብ በይ፦ ከመክፈላችሁ በፊት የቀረጻው ዋና ቅጂም ሻጋታውም የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ይስፈር። ባዝኮክስ በራሳቸው አሳታሚ ስም ስላወጧት በ1979 እንደገና ታትማ የእንግሊዝ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ 31ኛ ደርሳለች።