የዓርቡ አውቶብስ፦ ለጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርስ

የማህበሩ ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። የቀድሞ ተማሪዎች ማህበራችን ጉባኤ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከእናንተ አንድ ሐሳብ ይዤ መግባት አለብኝ። በቃል የተነሳው፣ የዚያን ዓርብ ከብቸና ትምህርት ቤት ወደየቤታችን ያደርሰን፣ እሁድ ይመልሰን የነበረ የጥንት የተማሪ አውቶብስ ቀፎ ገዝተን፣ ቀለም ቀብተን፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ እናቁመው የሚል ነው። ቀፎው ብቸና ዳር አንድ ጓሮ ውስጥ የዶሮ ቤት ሆኗል። የመሰላችሁን ጻፉ። ትዝታ አታብዙ።

የየትመኑ፦
ትዝታ አታብዙ ይለኛል ደግሞ! ዓርብ ወደ ቤቴ፣ ወደ የትመን ለመሄድ ደወል ሳይደወል በመስኮት የምወጣው እኔ አልነበርኩም እንዴ? ያ ባለ አፍንጫ ፊያት ቁልቁለት ላይ ጎበዝ ነው፣ ዳገት ላይ አስታማሚ ይፈልጋል። መንገዱ ጠጠር ነው ይባላል እንጂ ጎማው ከጠርዙ ከወረደ መረሬ ነው፤ ረዳቱ «ወንዶች ውረዱ!» ይላል፣ እንገፋለን፣ ኮንጎ ጫማችን ጭቃው ውስጥ ይቀራል፣ ቤት ስንደርስ እናቶቻችን የሚጠይቁን ጫማውን ነው። እሁድ መልሱ ደግሞ የባሰ። የኪራይ ቤት ተማሪ ሁሉ የሳምንት ስንቁን ይዞ ይሳፈራል፤ በሶ፣ ድርቆሽ፣ በርበሬ፣ የሽሮ ቋጠሮ። አንዴ የኑግ ዘይት ጠርሙስ ጣሪያ ላይ ተሰብሮ በመስኮት ሲንጠባጠብ፣ በዚያ በኩል የተቀመጡት ጸጉራቸውን ተቀብተው ብቸና ገቡ።

ሹፌሩን ግን አልረሳውም። እናቴ አገልግሉን ይዛ ከማሳው ማዶ ነጠላዋን ስታውለበልብ ካየ ቆሞ ይጠብቃታል። ሞተሩን አያጠፋም፤ ካጠፋው ማን ያስነሳዋል? ስለዚህ ቀፎው ይገዛ ባይ ነኝ።

አሁን ደጀን የምኖረው፦
እኔ አልስማማም ወንድሜ። አባቴ «አውቶብስ ካለ ትማር፣ በእግሯ ከሆነ ግን ይቅር» ብሎ ነው ብቸና የላከኝ። 1983 የካቲት ላይ ጦርነቱ ጎጃም ሲደርስ አውቶብሱ ቆመ፤ ሰላም ሲሆንም አልተመለሰም። ወንዶቹ በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። እኔ አንድ ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። አብራኝ ስንቅ የምትቋጥረው ጓደኛዬ በዚያው ተዳረች።

ዛሬ የወንድሜ ልጅ እዚያው ትማራለች። ዓርብ ዓርብ ሚኒባሶቹ ተማሪ መጫን አይወዱም፣ ጓዝ ያበዛል ይላሉ። የተረፈ ወንበር ስትጠብቅ ይመሽባታል። ለዚህች ልጅ ቀለም የተቀባ ቀፎ ምን ይሠራላታል?

መካኒኩ፣ ከባህር ዳር፦
ልክ ነሽ እህቴ። ቀፎውን ለፋሲካ ስሄድ አይቼዋለሁ፤ ወለሉን ዝገት በልቶታል፣ ሞተሩም የለም። በውስጥ መስመር «አዲስ አውቶብስ እንግዛ» የምትሉኝም ረጋ በሉ። ጎማው፣ ኢንሹራንሱ፣ ቦሎው፣ የሹፌር ደሞዙ ተደምሮ ማህበሩን ራሱን ያሸጠናል። ይልቅ ከአንድ ባለ ቅጥቅጥ ጋር ውል እንግባ። ዓርብ 10 ሰዓት ከብቸና ይነሳል፣ እሁድ 8 ሰዓት ይመለሳል። ተማሪው ግማሽ ታሪፍ ይከፍላል፣ ግማሹን እኛ። ደግሞ ውሉ ላይ አንድ ነገር ይግባ፦ ለመጠበቅም ይከፈለው። የዛሬ ሹፌር ክፉ ሆኖ አይደለም የሚቸኩለው፤ ቆሞ ያሳለፈው ሰዓት ኪሳራ ነው።

ሂሳብ ያዥ፦
ያለን ገንዘብ አንድ ሴሚስተር ያስኬዳል፣ ከዚያ መዋጮ ነው። ክፍያው በወላጅ ኮሚቴ በኩል፣ ተሳፋሪ እየተቆጠረ ይሁን፤ በእጅ አልሰጥም። አንድ ጥያቄ፦ መንገድ በሚዘጋበት ሳምንትስ? እያየነው ያለ ነገር ነው፣ አንሸፋፍነው።

የየትመኑ፦
እሺ፣ ተሸነፍኩ። መንገድ በተዘጋ ሳምንት የዚያ ሳምንት ገንዘብ ለልጆቹ ስንቅ መግዣ ይሁን። ሽሮና ዘይት አለቀብን ብለው ትምህርት ጥለው እንዳይሄዱ። ግን ቀፎውን ለዶሮ መተው አንጀቴን ይበላኛል።

ጡረታ የወጡት መምህር፦
ልጆች፣ እኔ ያን አውቶብስ ስጠብቅ ዝናብ እየመታኝ ነው ያረጀሁት። የወንበሮቹ ብረት ደህና ከሆነ በይዱትና መቆሚያው ላይ መጠለያ ሥሩበት። ወለሉ ይቅር።

መካኒኩ፦
የወንበሮቹ ብረት ደህና ነው መምህር። ብየዳው በእኔ ይሁን፣ የእጅ ዋጋ አልጠይቅም።

የማህበሩ ጸሐፊ፦
እንግዲህ የምጽፈው ይሄ ነው፦ «ማህበሩ ለአንድ ሴሚስተር የዓርብና የእሁድ የተማሪ ጉዞ ግማሽ ታሪፍ ይሸፍናል። ሹፌሩ ለሚጠብቅበት ጊዜ ይከፈለዋል። ሴት ተማሪዎች ቅድሚያ ይሳፈራሉ። መንገድ በተዘጋ ሳምንት ገንዘቡ ለስንቅ ይውላል። ከአሮጌው አውቶብስ ወንበር መጠለያ ይሠራል።»

የደጀኗ እህታችን፣ ይበቃል?

አሁን ደጀን የምኖረው፦
«ቅድሚያ ይሳፈራሉ» ብቻ አይበቃም፣ ቢያንስ ግማሹ ወንበር የእነሱ ይሁን። ሲጋፉ የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ገብቷል። ወንበሮቹን ለመጠየቅ ማን ይሂድ?

የየትመኑ፦
እኔ እሄዳለሁ። ባለ ዶሮው አጎቴ ነው፤ እስካሁን ያልተናገርኩት ዋጋ እንዳይጨምርባችሁ ፈርቼ ነው።