«አደጋ» ቦምብን ይጨምራል?

ተርጓሚዋ፦ የ1929ኙ የዋርሶ ስምምነትም ተተኪው የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነትም በአንቀጽ 17 አየር መንገዱን የሚጠይቁት ተሳፋሪው በአውሮፕላኑ ውስጥ ወይም ሲሳፈርና ሲወርድ በደረሰ «አደጋ» ከሞተ ወይም ከተጎዳ ነው። እኔ የምተረጉመው ስለ ሎከርቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በዚህች የስኮትላንድ ከተማ ላይ አውሮፕላን በቦምብ ፈንድቶ 270 ሰው ያለቀበት። «አደጋ» ብል አንባቢ የሞተር ብልሽት ይመስለዋል። «ጥቃት» ብል አንቀጹ ይፈርስብኛል። ምን ልጻፍ?

የድጓ ቤት ልጅ፦ እህቴ፣ «ሽፍታ አደጋ ጣለበት» ሲባል ሞተር የሚያስብ ማን ነው? በአማርኛ አደጋ ጣይ አለው።

ሥርወ ቃል፦ ሥሩ ሳይታወቅ አንቸኩል። ትግርኛ «ሓደጋ» ይላል፤ ስለዚህ ከግእዙ «ኀደገ» የመጣ ይመስለኛል፤ ተወ፣ ለቀቀ። እንዲያ ከሆነ አደጋ ማለት ሰው ጠባቂ አጥቶ የተተወበት ሰዓት ነው።

የድጓ ቤት ልጅ፦ «ኅድግ ለነ አበሳነ» እያልህ በየቀኑ ትጸልያለህ እኮ! እዚያ ላይ ይቅር በለን ነው። በአንተ ሥር ከሄድን የተጎዳው ይቅር ባይ ሊሆን ነው። ታዲያ በቦምቡ የተጠየቀችው ሊቢያ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሎከርቢ ሟቾች ቤተሰቦች 2.7 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማችው ለምንድን ነው? ካሳ ባለበት «ኅድግ» የለም።

ዘዓድዋ፦ አለ እንጂ። እኛ በትግርኛ ካሳን «ካሕሳ» እንላለን፤ ግእዙም «ካሐሰ» ነው። አያቴ በሬው የጎረቤት ማሳ በበላበት ዓመት እህሉን ሰፍሮ ተሸክሞ ሄደ፤ ባለማሳው ተቀበለውና ሁለቱ ከአንድ ገበታ በሉ። በአማርኛስ «ክሶ ታረቀ» አይባልም? መካስ ይቀድማል፣ መተው ይከተላል።

ሕግ አንባቢ፦ አያትዎ በሬው የራሳቸው ስለሆነ ካሱ። አየር መንገዱ ግን ቦምቡን አላጠመደም። በሞንትሪያሉ ስምምነት እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል፤ ከጣሪያው በላይ ግን ጉዳቱ በሌላ ሰው ጥፋት ብቻ መድረሱን ካስረዳ ይድናል። ያለ ጥፋት የሚከፈለውን «ካሳ» ማለት ይከብደኛል። ደግሞም ከ270ዎቹ 11ዱ ምድር ላይ ቤታቸው የነበሩ ናቸው፤ ተሳፋሪ ስላልሆኑ አንቀጽ 17 አያውቃቸውም።

ተርጓሚዋ፦ ጽሑፉን ነገ አስረክባለሁ። «አደጋ» ይሁን ወይስ «ጥቃት»?

ሥርወ ቃል፦ «ኀደገ» ሁለት ፊት አለው። ሚስት መፍታትም በወንጌሉ «ኅድጋት» ነው፤ እዚያ ይቅርታ የት አለ? የድጓ ቤት ልጅ ይህን ይመልስልኝ።