ክርክር፦ አራዳ የማን ቃል ነው?

የፋሲሎው፦ ትናንት ጣና ዳር ሻይ ይዘን ተቀምጠን ነበር። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅም አብሮን አለ። ጓደኛችን ስለ አንድ የባጃጅ ሹፌር ሲያወራ «አራዳ ልጅ ነው» አለ። እንግዳው ሳቀ። «የባህር ዳር ልጅ አራዳነትን ተውሶ ነው የሚለብሰው» አለን። ሲከነክነኝ አደረ። ሹፌሩ ምን አድርጎ መሰላችሁ? ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ከአባይ ማዶ ሆስፒታል አደረሰ። ባሏ ብር ሲያወጣ «ለገንፎዋ ይሁን» ብሎ ሄደ። ይሄ ነው ተውሶ?

የፒያሳው፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልደብቅም። ልጁን ግን አልነካሁም። የተናገርኩት ስለ ቃሉ ነው። አራዳ የሰፈር ስም ነው። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ነው አራዳ። ጣሊያን በ1928 ከገባ በኋላ ገበያውን ወደ ምዕራብ ወሰደው፣ መርካቶ ሆነ። አራዳን ደግሞ ፒያሳ አለው። የከተማው ጠባቂ እንኳ የአራዳ ዘበኛ ነበር የሚባለው። እዚያ ያደገ ልጅ ሁሉን ያየ ነቄ ነበር። ቃሉ የወጣው ከዚያ ነው።

ፔዳ ግቢ፦ «ተውሶ» ያልካትን ቃል እንያዛት። የተዋሰ ሰው ይመልሳል። እኛ ለማን እንመልስ? ፒያሳም መርካቶም የጣሊያን ቃል ናቸው፣ አደባባይና ገበያ ማለት። አንተ ስምህን ከማን ተውሰህ ነው?

የፒያሳው፦ ሰፈሬን አልተዋስኩም። ተወለድኩበት።

ፔዳ ግቢ፦ እኛም ቃሉ ውስጥ ነው የተወለድነው። አባቴ እዚህ ባህር ዳር ቀበሌ 14 ሲያድግ አራዳ ይባባሉ ነበር። ስንት ትውልድ ሲያልፍ ነው ተውሶ መሆኑ የሚቀረው?

የጎንደሯ፦ አንድ ነገር ረስታችኋል። ጎንደርም አራዳ አለ። ደሴም አለ። ወላይታ ሶዶም አለ። እኛ ቤት «አራዳ ደርሼ ልምጣ» ከተባለ መሀል ከተማ ማለት ነው። ታዲያ እንዴት ነው የአንድ ሰፈር ንብረት የሚሆነው?

የፒያሳው፦ እነዚያ ከአዲስ አበባው የተቀዱ ናቸው።

የጎንደሯ፦ ማስረጃህን አምጣ። ፋሲል ጎንደርን ሲቆረቁር አዲስ አበባ ለመቆርቆር 250 ዓመት ያህል ይቀራት ነበር።

የፒያሳው፦ የከተማው ዕድሜ የሰፈሩን ስም ዕድሜ አይነግርም፣ እህቴ። አንቺም ማስረጃ አላመጣሽም።

ጥንቅሹ፦ አባቴ ከማረድ የመጣ ነው ይላል። ከብት ይታረድበት ስለነበር ነው አሉ።

መምህሩ፦ ድምፁ ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመድ አይሆንም። አረደ ካልን አራጅ፣ እርድ፣ ማረጃ እንላለን። የሚታረድበትን ቦታ ደግሞ ቄራ ነው የምንለው። ተማሪዎቼ በየዓመቱ እንዲህ ያለ ታሪክ ይዘው ይመጣሉ። በቃል ላይ ታሪክ መፍጠር ቀላል ነው።

ጥንቅሹ፦ አባቴ ታሪክ አይፈጥርም፣ ጋሼ።

መምህሩ፦ አባትህን አልሰደብኩም፣ ልጄ። ክርክሬ ከቃሉ ጋር ነው።

የዘጌ ልጅ፦ እናንተ የት እንደተወለደ ትጣላላችሁ። እኔ ዛሬ ምን እየሠራ እንደሆነ ልንገራችሁ። ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ጌሾ ይዛ ከጀልባ ወረደች። ገና ወደቡ ላይ አንድ ወጣት ተቀበላት። «እትዬ፣ ገበያው ዛሬ ሞቷል፣ ከሚንከራተቱ እኔ ልግዛዎት» አላት። በግማሽ ዋጋ ሸጠችለት። ገበያው ግን ደርቶ ነበር የዋለው። ልጁ ለጓደኛው «አራዳ መሆን ነው፣ ሴትዮዋ ፋራ ናት» ሲል አጎቴ በጆሮው ሰምቷል። እናቴ የጌሾ ቅጠል በጣቷ አሽታ የማን ጓሮ እንደሆነ የምትነግርህ ሴት ናት። ፋራ ማን ነው?

የፋሲሎው፦ ያ አራዳ አይደለም። ሌባ ነው።

የዘጌ ልጅ፦ ራሱን የጠራው ግን አራዳ ብሎ ነው። ጓደኛውም አላረመውም። እኛም «አራዳ ልትሆንብኝ ነው?» የምንለው ሊያታልል የመጣውን ሰው ነው። ሁለቱም አንድ ቃል ነው። ጥሩውን ወስዳችሁ መጥፎውን ለእኛ ለገጠሮቹ አትተዉልን።

ፔዳ ግቢ፦ በቃሉ ምን ታደርጉታላችሁ? ብልጥ የሚለውም እንዲሁ ነው። ብልጥ ልጅ ብሎ ማመስገን አለ፣ ብልጣ ብልጥ ብሎ መሳደብም አለ።

የጎንደሯ፦ ለብልጥ ፋራ የሚባል ጥንድ የለውም። አራዳ ለመባል ግን አንድ ሰው ፋራ መባል አለበት። ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ነጠላ ለብሶ ከገጠር የመጣው ነው። የዘጌው ልጅ ልክ ነው።

የፒያሳው፦ እውነተኛው አራዳ እናት አያታልልም። ለዚህ ነው መነሻው ይታወቅ የምለው። ሰፈሩን የማያውቅ ሰው ቃሉን ያበላሸዋል።

የፋሲሎው፦ የትኛውን ሰፈር ነው የምታሳየን? ፒያሳ እኮ ብዙው በ2016 ፈረሰ። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ዛሬ የት አለ?

የፒያሳው፦ እሱን ባታነሳው ጥሩ ነበር። ቤታችን እዚያ ነበር። እናቴ አሁን ከከተማው ዳር ነው ያለችው። አርባ ዓመት ቡና አብረው የጠጡ ጎረቤቶቿ አራት ቦታ ተበትነዋል። «ተውሶ» ያልኩት ተናድጄ ነው። ግን ከሰፈሬ የቀረኝ ስሙ ነው። ሌላ ሰው እንደ ፋሽን ሲለብሰው ይከብደኛል።

የፋሲሎው፦ ይቅርታ፣ ወንድሜ። ይህን አላወቅኩም። ትናንት ሻዩ ላይ ብትነግረን ኖሮ እንዲህ አልጽፍም ነበር። ቃሉን ግን አልተውልህም። ያን ሹፌር ሌላ ምን ብዬ ልጥራው?

ጥንቅሹ፦ ጨዋ በለው።

የፋሲሎው፦ ጨዋ አይገልጸውም። ጨዋ ሰው በዚያ ሌሊት ተኝቷል።

መምህሩ፦ ይሄ ደግሞ ጨዋን መስደብ ነው።

የዘጌ ልጅ፦ ጌሾውን የወሰደው ልጅ ዛሬም ወደቡ ላይ ቆሟል። ጠዋት አየሁት። ከሚቀጥለው ጀልባ የሚወርዱትን እየጠበቀ ነው።