ነጠላው ጠርዝ ላይ የሚወጣው ወይን ጠጅ መስመር

ሰላም ወገኖች፣ የሌንስ ነገር የገባችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ሐዋሳ ሠርግ አነሳለሁ። ሙሽሮች ፎቶ የሚፈልጉት ሐይቁ ዳር ነው፤ በቀትር ደግሞ ውሃው ያንጸባርቃል፣ ቀሚሱም ነጭ ነው። በ50 ሚሊሜትር ሌንሴ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) 1.8 ላይ ከፍቼ ሳነሳ የነጠላው ጠርዝ ቀጭን ወይን ጠጅ መስመር ያወጣል። ነጠላው ከሙሽራው ጥቁር ሱፍ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይማ በጣም ያስጠላል።

ለማጣራት ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጌ፣ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ጋዜጣ ከጎን በሰያፍ አነሳሁ። ፎከስ ካረፈበት መስመር ወዲህ ያሉት ፊደላት ወደ ወይን ጠጅ፣ ወዲያ ያሉት ወደ አረንጓዴ ያደላሉ። አፐርቸሩን 4 ላይ ስዘጋው ጠፋ ማለት ይቻላል። ችግሩ ማዕዘኑ ላይ ብቻ ሳይሆን መሀሉም ላይ ስላለ፣ ፎቶ የማስተካክልበት ላይትሩም በራሱ የሚያደርገው፣ የማዕዘኑን ብቻ የሚያርም ማስተካከያ አይነካውም። የጠርዝ ቀለም የሚያጠፋውን የዲፍሪንጅ ማንሸራተቻ ስጎትት ደግሞ የሚዜዎቹ ወይን ጠጅ ልብስ ጠርዙ አብሮ ይገረጣል።

ሌላው ጭንቀቴ ነጩ ነው። ጥልፉ አጠገብ ያለው ሸማ ድርና ማጉ ጠፍቶ ባዶ ይሆናል። በሮው (ባልተቀነባበረ ጥሬ ፋይል) ስለማነሳ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) አንድ ስቶፕ፣ ማለትም በግማሽ፣ ስቀንስ ነጩ ይተርፋል፤ ግን ፊታቸው ይጨልማል፣ ጥላውን ሳበራው ኖይዝ (ነጠብጣብ) ይመጣል። የሙሽራዋ እናት ያስፈተሉት ሸማ እንዲህ ሲጠፋ ያሳዝነኛል።

ኤክስፖዠር መቀነሱ ወይን ጠጁንም ይቀንሰዋል? በዚያ ፀሐይ ፊታቸውን የምታበሩት ብርሃን በሚመልስ ሪፍሌክተር ነው በፍላሽ? ከጀርባ ያለው ብዥታ ሳይጠፋ 2.8 ይበቃኛል ትላላችሁ? የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ፤ የፊታችን እሑድ ሠርግ አለብኝ።