የመቃብር ቦታችን ሞልቷል፣ የማስፋፊያ ፕላን እስከ ረቡዕ አድርስ ተብያለሁ፤ እርዱኝ

ጀማሪ ፕላነር፦ ሰላም ወገኖች፣ አስቸኳይ ነው። የአንዲት ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የፕላን ባለሙያ ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ትናንት አንዲት እናት ሊቀበሩ ሕዝቡ ቆሞ እያለ ጉድጓዱ ገና ሜትር ተኩል ሳይሞላ ውሃ አወጣ። ሌላ ቦታ ሲቆፈር የቆየ ሳጥን ተገኘ። የተቀበሩት በሦስተኛው ነው፣ እሱም አጥር ሥር። ለቀስተኛው ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ወረደበት። የልጃቸውን ፊት ማየት አቃተኝ። ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ጠርቶኝ "የማስፋፊያውን ፕላን እስከ ረቡዕ አድርስ፣ ካቢኔ ይወስንበታል" አለኝ። ከመቃብሩ በታች 2 ሄክታር የሚሆን ሜዳ አለ፣ የገበሬ ማሳ ነው። እሱን ጨምሬ ልሳለው? ለአንድ መቃብር ስንት ካሬ ልያዝ? ስታንዳርድ ያላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ።

የዕድር ጸሐፊ፦ ነፍስ ይማር። ልጄ፣ መጀመሪያ ካሬ አትቁጠር። ዕድሮቹን ጠይቀሃል? በዓመት ስንት ሰው እንደሚቀበር፣ የትኛው ጥግ በክረምት ውሃ እንደሚያቁር፣ የትኛው ቤተሰብ ጎን ለጎን መቀበር እንደሚፈልግ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እኔ ዕድር ስጽፍ ብዙ ዓመቴ ነው። ቦታውን የጨረሰው የሟች ብዛት ብቻ አይደለም። አቅም ያለው እብነ በረድ ሐውልት ያቆማል፣ ዙሪያውን በብረት ያጥራል፣ የአንድ ሰው መቃብር የሦስት ሰው ቦታ ይይዛል። ደሃው ደግሞ ድንጋይ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ድንጋዩ ሲነሳ ቦታው ባዶ ይመስልና ሌላ ሰው ይቆፍረዋል። ትናንት ያገኛችሁት ሳጥን እንዲህ የጠፋ ሰው ነው። መዝገብ ያስፈልጋችኋል። የሐውልቱንም መጠን የሚወስን መመሪያ። ያለዚያ 2 ሄክታርም ብትጨምር ያው ነው።

ባለ ቶታል ስቴሽን፦ 2 ሜትር በ1 ሜትር ያዝ። በቃ።

ጋሽ ቀያሽ፦ በቃ አይደለም። 2 በ1 ጉድጓዱ ብቻ ነው። ሰው የሚቆምበት፣ ሳጥን የሚያልፍበት፣ ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ። እኔ ለአንዱ 2.5 በ1.25 እይዛለሁ። መንገዱን፣ ቦዩን፣ ዛፉን፣ የመኪና ማዞሪያውን ስትጨምር በጥቅሉ 5 ካሬ ግድም ይደርሳል። አሁን አስላ። የከተማህ ሕዝብ 40 ሺህ ቢሆን፣ በአገራችን በዓመት ከሺህ ሰው 6 ገደማ ይሞታል፣ ስለዚህ 240 ሰው። በ5 ስታባዛው በዓመት 1,200 ካሬ ሜትር። 2 ሄክታርህ 16 ዓመት ተኩል ይሄድልሃል። ከተማው እያደገ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ለ20 ዓመት ማቀድ ከፈለግህ ወደ 3 ሄክታር አስብ። ግን የእኔን 6 እንደ መነሻ ብቻ ያዘው፣ ትክክለኛውን ቁጥር የዕድር ጸሐፊ እንዳሉት ከዕድሮች፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱና ከመስጊዶቹ ሰብስብ።

ከመርካቶ፦ ለምን ታሰፋላችሁ? የገበሬውን መሬት ለምን ትነኩታላችሁ? ፉካ ሥሩ። አዲስ አበባ ብዙ ደብር ውስጥ ግድግዳው ላይ ተደራርቦ ይቀበራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ7 ዓመት ይከፈልበታል፣ ጊዜው ሲያልቅ አጽሙ ይነሳና ቦታው ለሌላ ይሆናል። የአባቴ አጽም ሲነሳ እኔ ራሴ ነበርኩ። ከባድ ቀን ነው፣ አልዋሽም። ግን መሬት አይበላም።

የኮምቦልቻዋ፦ ወንድሜ፣ የማዘጋጃ ቤት መቃብር ከሆነ የሁሉም ነው። ለእኛ ለሙስሊሞች ፉካ አይሆንም፣ ሰው ከአፈር ነው የሚገናኘው። ሐውልት መከመርም አይወደድልንም፣ ስለዚህ ቦታ በማባከን እኛን አትወቅሱን። ፕላነር፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ከእኛ አገር ሲታይ መካ ወደ ሰሜን ነው። ሟች በቀኝ ጎኑ ሆኖ ፊቱ ወደ ቂብላ ስለሚዞር የጉድጓዱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሆናል። ክርስቲያኖችም ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ስለሚቀብሩ የእነሱም ርዝመት ያው ነው። የራስጌው አቅጣጫ ብቻ ነው የሚለየው። ስለዚህ ረድፎቹን በዚህ አቅጣጫ ሳላቸው፣ ለሁሉም ክፍል አንድ ንድፍ ያገለግልሃል። ክፍሎቹን ግን ከመሳልህ በፊት ከመጅሊሱና ከሁሉም አብያተ ክርስቲያናት ጋር ተቀመጥ። ፕሮቴስታንቶቹን እንዳትረሳ፣ ቦታ አጥተው ሲንከራተቱ አይቻለሁ።

በርሊን ነዋሪ፦ እዚህ በርሊን መቃብር የዘላለም አይደለም። የማረፊያው ጊዜ 20 ዓመት ነው፣ ቤተሰብ በቋሚነት የመረጠው ቦታ ከሆነ እየከፈለ ያራዝማል። መጀመሪያ ስሰማ ደንግጬ ነበር። አሁን ግን ቦታው በሥርዓት ሲያዝ፣ እያንዳንዱ መቃብር ቁጥርና መዝገብ ሲኖረው ሳይ ለአገሬም ተመኘሁ። ፉካ እንኳ ባይሆን መዝገቡን ውሰዱት።

ባለ ቶታል ስቴሽን፦ 2 በ1 ያዝ አልኩ እኮ። ረቡዕ ቅርብ ነው፣ አታወሳስቡት።

የካሳ ጠበቃ፦ ረቡዕ ቅርብ ስለሆነ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። የገበሬ ይዞታ በካቢኔ ውሳኔ በማግሥቱ አይወሰድም። መሬት ስለማስለቀቅና ስለ ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታው ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከር ያዛል፣ ካሳም ሳይከፈል አይነሳም። አዋጁ በ2016 ስለተሻሻለ ማሻሻያውንም አንብብ። ደግሞ ማሳው በመዋቅራዊ ፕላናችሁ (በከተማው ዋና የመሬት አጠቃቀም ካርታ) ላይ ምን ተብሎ እንደተሰየመ እይ። ማሳው ውስጥ የቤተሰብ መቃብር ካለ እሱም ካሳ አለው። በ1999 የወጣው የካሳ ደንብ ቁጥር 135 ድንጋዩን ለማንሳት፣ ሌላ ቦታ ለማዘጋጀት፣ አጽሙን ለማዛወር፣ ለሥርዓቱም የሚወጣውን ወጪ ያሰላ ነበር።

ውሃ ቆፋሪ፦ ሁላችሁም መልካም አላችሁ፣ ግን ማንም ያልጠየቀው አለ። ወንድም፣ ሜትር ተኩል ላይ ውሃ ወጣ ብለሃል። ከዚያ ቦታ *በታች* ወዳለው ሜዳ ነው የምትሰፋው? አፈሩ ምንድን ነው? በአቅራቢያው የመጠጥ ውሃ አለ?

ጀማሪ ፕላነር፦ አፈሩ መረሬ ነው፣ ጥቁር ጭቃማ አፈር። ውሃ... አዎ፣ የከተማው የውሃ ጉድጓድ ከሜዳው ማዶ ነው፣ ከዳሩ 150 ሜትር ቢሆን ነው። እሱ ከዚህ ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ውሃ ቆፋሪ፦ ይገናኛል። እባክህ እዚያ ሜዳ ላይ አንድም መስመር አትሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር መቃብር ከማንኛውም የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ቢያንስ 250 ሜትር፣ ከሌላ ወንዝና ምንጭ 30 ሜትር፣ ከማሳ ማፋሰሻ ቦይ 10 ሜትር ይርቃል። ከመቃብሩ ወለል በታች ደግሞ ቢያንስ 1 ሜትር ደረቅ አፈር ይኑር፣ በክረምትም ጭምር። ስለዚህ 2 ሜትር የምትቀብሩ ከሆነ 3 ሜትር ድረስ ውሃ መኖር የለበትም። እናንተ ሜትር ተኩል ላይ አገኛችሁ። ሜዳው ዝቅ ያለ ስለሆነ እዚያ የባሰ ነው የሚሆነው። አሁን ያለው መቃብርስ ከውሃው ስንት ይርቃል?

ጀማሪ ፕላነር፦ በጉግል ካርታ ለካሁት፣ 340 ሜትር። ታዲያ ረቡዕ ምን ይዤ ልግባ? ባዶ እጄን ልሄድ አልችልም።

ውሃ ቆፋሪ፦ ባዶ እጅህን አትሄድም። ሦስት የሙከራ ጉድጓድ ይፈቀድልኝ በል፣ አንዱ ሜዳው ላይ፣ ሁለቱ ከመቃብሩ በላይ ዳገቱ በኩል ባለው ቦታ። ነሐሴ ለዚህ ጥሩ ጊዜ ነው፣ ውሃው ከፍ ሲል ነው የሚለካው። በጋ ላይ የቆፈረ ራሱን ያታልላል። መረሬ ስለሚደረመስ ሰው 3 ሜትር ውስጥ አታስገባ፣ በእጅ መሰርሰሪያ አስቆፍር። የከተማውንም ውሃ ናሙና ለላቦራቶሪ አስልክ፣ የብክለት ምልክት የሆኑት ናይትሬትና ኮሊፎርም ባክቴሪያ ይታዩ።

ጋሽ ቀያሽ፦ ጥሩ ተናገረ። እኔም ካልኩሌሽን ስሰጥህ ተዳፋቱን መጠየቅ ነበረብኝ። እስከዚያው ለሚሞተው ሰው ደግሞ መልስ ያዝ። አሁን ያለውን መቃብር በቶታል ስቴሽን (በመሬት መቀየሻ መሣሪያ) አስለካ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ስጠው። ከላይ በኩል ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ ይቆፈር፣ የምታዩት ውሃ ግማሹ ከዳገቱ የሚወርድ ሊሆን ይችላል። ሲለካ ሰፊ መንገድ ከተገኘ ጠበብ አድርጋችሁ ለጥቂት ወር የሚሆን ረድፍ ታወጣላችሁ።

የዕድር ጸሐፊ፦ ልኬቱ ሲጀመር የዕድር ዳኞች አብረው ይቁሙ። ስም የሌለው መቃብር ላይ ቁጥር ሲተከል "የማን ነው?" የሚል ሰው ይምጣ። እኔ ብኖር እመጣልህ ነበር።

ከመርካቶ፦ የገበሬው መሬት ተረፈ ማለት ነው። ደስ ብሎኛል። ፉካውን ግን ለሚፈልግ ክርስቲያን በአንድ ጥግ አስቡበት።

ጀማሪ ፕላነር፦ (ማክሰኞ ማታ) እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዛሬ አለቃዬን ለምኜ ሜዳው ላይ አንድ አስቆፈርኩ። 90 ሳንቲ ላይ ውሃ ሆነ። ፎቶ አንስቻለሁ። ዳገቱ በኩል ገና ነው፣ የባለይዞታው ፈቃድ ይጠበቃል። ነገ 3 ሰዓት ላይ እገባለሁ።

የኮምቦልቻዋ፦ አላህ ያግዝህ። ፎቶውን መጀመሪያ አሳያቸው፣ ካርታውን ከዚያ።

ውሃ ቆፋሪ፦ (አርብ) ወንድም፣ ካቢኔው ምን አለ? የዳገቱ ጉድጓድስ ስንት ሜትር ደረሰ?

የዕድር ጸሐፊ፦ (በሳምንቱ) እኔም እየጠበቅኩ ነው። የልኬቱን ቀን ከነገርከኝ እዚያ አካባቢ የማውቃቸው የዕድር ዳኛ አሉ፣ እደውልልሃለሁ።