«ምን ይጠቅመናል?» ለሚሉ ሰዎች የመሠረታዊ ሳይንስ ምርምርን እንዴት ላስረዳ?

ጠያቂ (መምህር፣ ባሕር ዳር)፦
ጤና ይስጥልኝ። የምሳተፍበት ምርምር የሚያተኩረው በጣና ነጭ ዓሣ ላይ ሲሆን፣ ጥያቄው በአንድ ሐይቅ ውስጥ 15 ያህል የላቢዮባርበስ (የነጭ ዓሣ ሳይንሳዊ መጠሪያ) ዝርያዎች እንዴት ሊገኙ ቻሉ የሚል ነው። ምርት ለማሳደግ የታሰበ ሥራ አይደለም፤ ለማወቅ ብቻ የሚደረግ ነው። በቅርቡ ለዓሣ አስጋሪዎችና በዳርቻው ለሚኖሩ ገበሬዎች ሥራችንን እንድናስረዳ ተጠይቀናል። «ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ የሌለ ተስፋ ሳልሰጥ፣ እንደ ሥራ ፈትም ሳልቆጠር ምን ልመልስ?

መልስ (የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)፦
እኔ ብሆን በፍል ውኃው ታሪክ እጀምር ነበር። ቶማስ ብሮክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በየሎውስቶን ፍል ውኃዎች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ሲያጠና፣ ፍላጎቱ በዚያ ሙቀት ሕይወት እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ነበር። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች ከአንዱ የተገኘው ኢንዛይም ግን በኋላ ጥቂት ዘረመልን አባዝቶ ለሚመረምረው የፒሲአር ዘዴ መሠረት ሆነ፤ በኮቪድ ወቅት ከአፍንጫችን የተወሰደው ናሙና የተመረመረው በዚሁ ዘዴ ነው።

መልስ (የባዮሎጂ መምህርት፣ ሞጣ)፦
ታሪኩ እውነት ቢሆንም ለዚህ ጉባኤ አልመርጠውም። ከብዙ ጥናቶች መካከል የተሳካለትን አንዱን ነጥሎ መንገር «ጠብቁ፣ አንድ ቀን ትጠቀማላችሁ» እንደ ማለት ነው፤ የመምህሩ ጥናት ግን ምናልባት መቼም ገንዘብ አያመጣ ይሆናል። በጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ ሕዝቡ ለቆሎ ተማሪው ቁራሽ ሲሰጥ የኖረው ትርፉን አስልቶ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄውን ራሱን አቅርቡላቸው። አንድ ነጭ ዓሣ ጠረጴዛ ላይ አኑሩና አፉን ክፈቱ፤ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለም፣ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ይህን ከእናንተ ይልቅ ዕለት ዕለት ዓሣ የሚያርዱት ያውቁታልና አስቀድማችሁ እነርሱን ጠይቁ። ከዚያም ከ15ቱ ዝርያዎች ስምንቱ፣ መንጋጋቸው ጥርስ አልባ ሆኖ ሳለ፣ ሌላ ዓሣ አድነው እንደሚበሉ ንገሯቸው። ከሐይቁ ሥር በቧንቧ የወጣው ደለል ደግሞ ከ15,000 ዓመታት በላይ አስቀድሞ ጣና ደርቆ እንደነበር፣ ውኃው ሲመለስም ደንገል የበቀለበት ረግረግ እንደሆነ ያሳያል። ታዲያ ዓሦቹ በዚያን ጊዜ የት ነበሩ? ወንዞቹ ውስጥ ተጠልለው ቆይተው ይሆን? ተመራማሪዎች ገና የሚከራከሩበትን ነገር ገና ነው ማለት አያሳፍርም።

መልስ (ዓሣ አስጋሪ፣ ከሐይቁ ዳርቻ)፦
መምህር፣ ጥያቄያችንን እንደ ጥላቻ አትቁጠሩት። ብዙ ሰው መጥቶ ዓሣችንን ለክቶ፣ ቅጽ አስሞልቶ ይሄዳል፤ ውጤቱን ግን አናይም። ሌላው የሚመጣው መረባችንን ሊከለክል ብቻ ነው። ከነጭ ዓሣ አንዳንዱ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ወንዝ ሽቅብ እንደሚወጣ አባቶቻችንም ያውቁ ነበር፤ ይህን እኛ ስንናገር እናንተ ብትጽፉት ደስ ይለናል። ቀኑን በተመለከተ፣ በገበያ ቀን የሚቆምላችሁ ስለማይኖር ሰንበቴ ከተበላ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከጉሮሮው ጥርስ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል፤ «15,000 ዓመት መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ቢሉኝስ?

መልስ (የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)፦
ተክል በሕይወት ሳለ ከአየር የሚወስደው አንድ ልዩ የካርቦን ዓይነት አለ፤ ከሞተ በኋላ ግን ይህ ካርቦን በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከ15,000 ዓመታት በኋላ የሚቀረው ከመጀመሪያው አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። በደለሉ ውስጥ የተቀበረ የተክል ቅሪት ውስጥ የቀረው መጠን ተለክቶ ዕድሜው ይሰላል። ግማሽ፣ ግማሽ እያሉ በጣት ቆጥረው ቢያሳዩአቸው ይበቃል፤ ቀመር ሰሌዳ ላይ አይጻፉ።