በመጽሐፍ ምረቃ ላይ ድክመት ይነገር?

አወያይ፦ ሰላም የባሕር ዳር አንባቢዎች። የዛሬው ርዕስ ከቅዳሜው ጭቅጭቅ የመጣ ነው። አንድ ወጣት ደራሲ የመጀመሪያ ልቦለዱን እዚሁ ከተማችን አስመረቀ። ዳሰሳ እንዲያቀርብ የተጋበዘው ሐያሲ፣ ታሪኩ መሃል ላይ እንደሚላላ ደራሲው ፊት ተናገረ። ግማሹ ታዳሚ አጨበጨበ፣ ግማሹ አጉረመረመ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የግጥም ምሽት አዘጋጅ፦ እኔ ሐያሲው ልክ አልሠራም ባይ ነኝ። ምረቃ ሠርግ ነው። ሠርግ ላይ ቆሞ የሙሽራዋን እንከን የሚዘረዝር ሚዜ የለም። ልጁ ማሳተሚያውን የከፈለው ተበድሮ ነው። ዕዳውን የሚያቃልልለት ያን ዕለት የሚሸጠው መጽሐፍ ነው። የማተሚያ ዋጋ እሳት በሆነበት ጊዜ ትንሽ እንዘንለት እንጂ! ድክመቱ በሳምንቱ ይጻፍ፣ ማን ከለከለ?

የሥነ ጽሑፍ መምህር፦ ወንድሜ፣ ለልጁ እኔም አዝናለሁ። ያን ዕለት ዳሰሳውን አምኖ ብሩን ያወጣው አንባቢስ? ደግሞ «በሳምንቱ» ያልከው አይጻፍም። ሐያሲውና ደራሲው ጣና ዳር አብረው ቡና የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። ይሉኝታ ይይዛቸዋል፣ ነገሩ በዚያው ይቀራል።

እኔን ቅር ያሰኘኝ አነጋገሩ ነው። «ይላላል» ብሎ መቀመጥ ሒስ አይሆንም። የትኛው ምዕራፍ? የትኛው ገጽ? ባለታሪኳ ከቤቷ የወጣችበት ምክንያት አልተነገረንም፣ ስለዚህ ስትመለስ አላመንናትም ብሎ ማሳየት ነበረበት። «ግሩም ድንቅ» የሚለው ዳሰሳም ያው ነው፣ ማስረጃ የለውም። ተማሪዎቼን ታሪኩን በአንድ አንቀጽ ጨርሱልኝ እላቸዋለሁ። ካላልኳቸው ከዳር እስከ ዳር መልሰው ይተርኩልኛል። የቀረው ቦታ ደራሲው ምን ሊሠራ እንደፈለገ፣ የት እንደተሳካለትና የት እንዳልያዘለት የሚነገርበት ነው።

ተዋናይት፦ መምህር፣ እስማማለሁ። ለቴአትር ግን አንድ ነገር ይጨመርበት። ድርሰቱንና ዝግጅቱን ለዩልን። ጽሑፉ ደክሞ አዘጋጁ ያነሳው ቴአትር አለ። ተዋናይ የገደለው ጥሩ ድርሰትም አለ። እኛ ዘንድ የሚጻፈው «አሪፍ ነበር» ነው። መብራቱን፣ አልባሳቱን፣ የመድረክ አጠቃቀሙን ማንም አያነሳውም። የመጀመሪያውን ቀን ብቻ አይቶ መፍረድም ልክ አይመስለኝም። ትርኢት እየተደጋገመ ሲሄድ ይበስላል።

መጽሐፍ ሻጭ፦ እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው። መጨረሻውን አትንገሩብን! «ትሞታለች አሉ» ብሎ የያዘውን መጽሐፍ መልሶልኝ የሄደ ደንበኛ አለ።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እኮ ሰው መጨረሻውን እያወቀ ነው የሚያነበው።

የሥነ ጽሑፍ መምህር፦ እሱማ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ትውልድ ሲቀባበለው የኖረ ነው። ትናንት የወጣ ልቦለድ ያን ዕድል አላገኘም፣ ስለዚህ ሻጩ ልክ ናቸው። እግረ መንገዴን ግን፣ ይህን መጽሐፍ «አንብቤዋለሁ» ከሚሉኝ ብዙዎቹ የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ የሰሙ ናቸው። ትረካው ድንቅ ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌልን በወጋየሁ ድምፅ ይወዷቸውና ውዳሴውን ሁሉ ለደራሲው ለሐዲስ ዓለማየሁ ይሰጡታል። እህታችን ድርሰትና ዝግጅት ይለዩ ያለችው እዚህም ይሠራል። የሰማ ስለ ትረካው ይጻፍ። ስለ መጽሐፉ ለመጻፍ መጽሐፉን መግለጥ ያስፈልጋል።

የግጥም ምሽት አዘጋጅ፦ እሺ፣ ገጽ ጠቅሶ ይናገር፣ ይህን ተቀብያለሁ። በምረቃው ዕለት የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም። ቢያንስ ዳሰሳውን ለደራሲው ቀድሞ ያሳየው። ልጁ ሰው ፊት ዱብ ዕዳ አይውረድበት።

የሥነ ጽሑፍ መምህር፦ ቀድሞ ያንብበው፣ ደስ ይለኛል። እንዲሰርዝለት ግን አይጠይቀው።